የእንግዳው መምህር ዓመትና ስንብቱ

ይህ መጽሔት የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ሲዘጋጅ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ምን እንጻፍ ብለን ብዙ ተማከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ሕንጻው፥ አንዳንዶቻችን ስለ ስፖርት ውድድሩ፥ ሌሎቻችንም ስለ ከተማችን ስለ ከሚሴ እንጻፍ አልን። በመጨረሻ ግን የሁላችንም ልብ ወደ አንድ ነገር አዘነበለ፤ ይኸውም ስንብት ነው። በዚህ ዓመት ተሰናባቾቹ እኛው ነንና።

ነገር ግን ስለ ራሳችን ስንብት ከመናገራችን አስቀድሞ፥ ከእኛ ይልቅ ስንብትን አብዝቶ ያየውን ሰው ማሰብ ተገባን። ተማሪ ከአንድ ትምህርት ቤት የሚሰናበተው አንድ ጊዜ ነው፤ አስተማሪ ግን በየዓመቱ ይሰናበታል። ከአስተማሪም ሁሉ ይልቅ ስንብት የሚጸናበት፥ አገሩንና ዘመዱን ትቶ በሰው አገር ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ሊያስተምር የሄደው ነው። እንዲህ ያለው ሥራ «የመምህራን ልውውጥ» ይባላል። ልውውጥ የሚለውን ቃል እኛ የዚህ አገር ልጆች ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገበያ እናውቀዋለን። በባቲ የሰኞ ገበያ፥ በሰንበቴም የእሑድ ገበያ፥ ከቆላ የመጣው የያዘውን ከደጋ ለመጣው ይሰጣል፤ የደገኛውንም ይዞ ይመለሳል። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ግን «ተለዋወጥሁ» ሊል አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ እንግዳው መምህር ዕውቀቱን ሲሰጥ፥ የተቀበለው አገር ምን ሰጥቶ ሸኘው?

ለጥያቄው መልስ የሚሆነውን በታሪክ ከመፈለጋችን በፊት፥ እንግዳ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚሸኝ ጥቂት እንናገር። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፥ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በቦርከና ወንዝ በሚጠጣው ሜዳ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። መንገድ ዳር ያለ ከተማ እንግዳ አያጣም፤ ነጋዴው፥ ከብት ነጂው፥ ሹፌሩና ተማሪው ሁሉ ያልፍበታል። ስለዚህ የአገራችን ሰው ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረውም በአንድ ትንፋሽ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላለታል። ቡናውም አቦል፥ ቶና፥ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦልን ጠጥቶ የሚሄድ ሰው እንደ ቸኮለ ይታወቅበታል፤ በረካን የጠበቀ ግን ምርቃት ይዞ ይወጣል። ሽማግሌዎቻችን ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸውን ዘርግተው ለእንግዳውም፥ ለመንገዱም፥ ከኋላው ለቀሩት ቤተ ሰቦቹም ይለምናሉ። መሰናበቻውም በኦሮምኛ «ነጋን ገላ» ይባላል፤ በሰላም ግቡ ማለት ነው። ይህን አነጋገር ልብ ብሎ ላስተዋለው ሰው ብዙ ምሥጢር አለው። «ሂድ» አይልም፤ «ግባ» ይላል። የሚሸኘው ሰው ከቤት እየወጣ ሳለ፥ ምርቃቱ ግን ወደ ሌላ ቤት መግባቱን ያስባል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሽኝት ማለት እንግዳውን ከደጃፍ ማስወጣት ሳይሆን፥ እስከሚገባበት ድረስ በልብ መከተል ነው። እንግዳን መቀበል የአባታችን የአብርሃም ሥራ መሆኑን መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም እኩል ያምናል፤ በዚህ ነገር ክርክር የለንም።

ልማዱ ይህ ከሆነ ዘንድ አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ብዙ ሰው የመምህራን ልውውጥ ሲባል ፈረንጅ ወደ እኛ መምጣቱን ብቻ ያስባል። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ መምህር ባሕር ተሻግሮ አውሮፓን ያስተማረበት ዘመን አለ፤ ይህም የሆነው የዘመናይ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ገና ሳይከፈት ነው።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በበጌምድር በይፋግ ተወልደው፥ በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው፥ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረዋል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ብቻ አልቀሩም፤ ወደ ጎጃም ሄደው የቅኔንና የመጻሕፍትን ትምህርት ከአገራችን ሊቃውንት ተምረዋል። በ1897 ዓ. ም. የጀርመን መንግሥት በፍሪድሪክ ሮዘን መሪነት መልእክተኞቹን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ልኮ የወዳጅነትና የንግድ ውል አደረገ። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አለቃ ታዬን ወደ በርሊን ላኩአቸው፤ እስከ 1900 ዓ. ም. ድረስም በዚያ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛንና ግዕዝን ሲያስተምሩ ቆዩ።

አለቃ ታዬ በበርሊን ሲኖሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰዋስው ብቻ አላስተማሩም። የግዕዝ መጻሕፍትን መረመሩ፤ ከጀርመን ሊቃውንት ጋር እየተጫወቱ የአገራቸውን ሕዝብ አነጋገር አሰሙ። ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ ኦይገን ሚትቮኽ፥ ከአለቃ የሰሙትን የአማርኛ የሕዝብ አነጋገር ጽፈው ለአውሮፓ ተማሪዎች አሳተሙት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከዚያ ዘመን ቆይታ ለትውልድ ከተረፉት ነገሮች አንዱ ጨዋታ ነው። አለቃ ታዬም ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ ያዩትንና የመረመሩትን ይዘው ተመለሱ፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለውም መጽሐፋቸው በ1914 ዓ. ም. በአስመራ ታተመ። በአገራቸው ግን ሁሉ አልቀናላቸውም፤ በሃይማኖት ምክንያት ተከስሰው ብዙ መከራ ተቀብለዋል። ሰው አገር አክብሮ የሸኘውን የገዛ አገሩ አጥብቆ ሲጠይቀው ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው።

በዚያው ዘመን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣሊያ በኔፕልስ ከተማ አማርኛን ያስተምሩ ነበር። በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነው «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም የታተመው እ. ኤ. አ. በ1908 እሳቸው በዚያ ሳሉ ነው። ስለዚህ የአገራችን የልብ ወለድ ጽሑፍ የተወለደው በሰው አገር በሚኖር አስተማሪ ብዕር ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከአገር ርቆ የሚያስተምር ሰው ቋንቋውን ለሌላው ሲያስረዳ ለራሱም አዲስ ሆኖ ያየዋልና።

ወደ እኛ የመጡትን ደግሞ እንይ። በ1900 ዓ. ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ. ም. የተከፈተውም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የውጭ አገር አስተማሪዎች ነበሩት። የኢጣሊያ ወረራ የተማረውን ወጣት ፈጅቶ፥ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ስለ ነበረ፥ ከ1933 ዓ. ም. ነፃነት በኋላ የአስተማሪ ረኃብ ጸና። እንግሊዞች መጡ፤ ከካናዳ ኢየሱሳውያን መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ዶክተር ሉስየን ማት በ1943 ዓ. ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሩ። ከሕንድ አገር የመጡትም ብዙዎች ነበሩ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብንና ሳይንስን ሲያስተምሩ ኖረዋል። አባቶቻችን ዛሬም የሕንድ አስተማሪ ያስተማራቸውን የሒሳብ ሕግ ከነአነጋገሩ ይደግሙልናል።

ከመጡት ሁሉ ግን ከሕዝቡ ጋር በመኗኗር ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው የሰላም ጓድ የተባሉት የአሜሪካ ወጣቶች ናቸው። የሰላም ጓድን እ. ኤ. አ. በ1961 ያቋቋሙት ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው፥ በፕሬዚዳንቱ ቤት ግቢ ተሰናብተው፥ በ1955 ዓ. ም. አዲስ ዓመት ሰሞን አዲስ አበባ ገቡ። ቍጥራቸው ከ270 በላይ ነበረ፤ መሪያቸውም ሃሪስ ዎፎርድ ይባሉ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለው አነጋገሩአቸው። ከዚያም በየጠቅላይ ግዛቱ ላሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተደለደሉ። የሚቆዩበትም ዘመን ሁለት ዓመት ነበር።

ከነዚህ አስተማሪዎች ወደ ወሎ የደረሳቸው በደሴ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፥ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሚሄድ ሁሉ በደብረ ብርሃን አልፎ፥ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ፥ ቍልቍለቱን ወርዶ፥ በሰንበቴና በከሚሴ ያልፋል። ስለዚህ አዲሱ መምህር ከብርዱ አገር ወርዶ የቆላችንን ሙቀት፥ ሽርጥ ያገለደሙትን ገበሬዎቻችንን፥ በጨፌው ሜዳ የተሰማሩትን ከብቶች እያየ ወደማያውቀው ሥራ ይጓዝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በዚሁ መንገድ ይመለሳል። መንገዱ አንድ ነው፤ ሲሄድና ሲመለስ ግን ሰውየው አንድ አይደለም።

በነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ኑሮአቸው ምን ይመስል ነበር? በየከተማው ቤት ተከራይተው፥ ሁለትና ሦስት ሆነው ይኖራሉ። ተማሪዎቻቸው «ሚስተር» እና «ሚስ» ይሉአቸዋል። እንጀራን በሦስት ጣት መቍረስ፥ ጉርሻን አለመመለስ፥ ቡናን ሳይጠጡ አለመሄድ ይማራሉ። ከገጠር መጥተው ማደሪያ ያጡ ተማሪዎችን በቤታቸው ያስጠጉ፥ የደብተርና የልብስ ወጪ የቻሉም ብዙዎች ነበሩ። ተማሪው ደግሞ አስተማሪውን ገበያ ይወስደዋል፤ ዋጋ ይከራከርለታል፤ አማርኛ ሲሳሳት እየሣቀ ያርመዋል። ክፍል ውስጥ ተማሪ የነበረው ከክፍል ሲወጣ አስተማሪ ይሆናል ማለት ነው። ልውውጥ ያልነው ይህን ነው።

ይህ መኗኗር ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ በኅዳር 1956 ዓ. ም. ታየ። ኅዳር 12 ቀን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገደሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና በመስከረም ወር ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተገናኝተው ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብራቸው ተመልሰው ሄዱና ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ከሚሄዱት መሪዎች ጋር ሄዱ። በእኛ አገር ልማድ ሐዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም። የሠርግ ወዳጅ ብዙ ነው፤ የሐዘን ወዳጅ ግን እውነተኛው ወዳጅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሩቁ አገር ያደረጉትን፥ ሕዝቡም በየከተማው ከእንግዶቹ ጋር ያውቅበታል፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ነው።

የስንብትም ቀን ይደርሳል። ሻይና ዳቦ ይዘጋጃል፤ ተማሪው ገንዘብ አዋጥቶ ጋቢ ወይም ነጠላ ይገዛል፤ ርእሰ መምህሩ ንግግር ያደርጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያም አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ሽኝት ነው። በቀሩት ወራት ሰማያዊ የአየር ደብዳቤ ይጠበቃል። አንዳንዱ ደብዳቤ ይቋረጣል፤ አንዳንዱ ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ያገለገሉት የቀድሞ የሰላም ጓዶች እስከ ዛሬ ድረስ የጋራ ማኅበር አላቸው።

ከኛ ዘንድ ይዘው የሄዱትም ጋቢ ብቻ አይደለም። ፖል ሶንጋስ የመጀመሪያዎቹ ጓዶች ሲመጡ በወሊሶ ያስተማረ ወጣት ነበር፤ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ፤ እ. ኤ. አ. በ1992ም ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ሚልድሬድ ቴይለር ጥቍር አሜሪካዊት ናት፤ በኢትዮጵያ ሁለት ዓመት አስተምራ ከተመለሰች በኋላ የጥቍሮችን ኑሮ ለልጆች በመጻፍ እ. ኤ. አ. በ1977 በአገርዋ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን ታላቁን የኒውበሪ ሽልማት ተቀበለች። መሪያቸው የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድም በኋላ ዘመን ሴናተር ሆነዋል። እነዚህን ሰዎች ትልቅ ያደረግናቸው እኛ ነን አንልም፤ እንዲህ ማለት ትዕቢት ይሆናል። ነገር ግን በሃያዎቹ ዕድሜአቸው የሰው አገር ሰው እንጀራ አጉርሶአቸዋል፤ ይህም በሰው ላይ ሳይሠራ አይቀርም።

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማሩን ብቻ ሊያቀርብ አይገባውም፤ ሬቱንም ያቅምሳል። ከ1960 ዓ. ም. ገደማ ዠምሮ የተማሪዎች ንቅናቄ እየጋለ ሄደ። ቬትናም ውስጥ አሜሪካ ትዋጋ ስለ ነበረ፥ ተማሪው «እነዚህ እንግዶች መምህራን ናቸው ወይስ የመንግሥታቸው መልእክተኞች?» ብሎ ጠየቀ። በየትምህርት ቤቱ ረብሻ ተነሣ፤ ብዙ የሰላም ጓዶች ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ሄዱ። ከአብዮቱም በኋላ፥ እ. ኤ. አ. በ1977 ሥራው ፈጽሞ ተቋረጠ። አንዱን ወገን ብቻ መውቀስ አንችልም። ተማሪው የአገሩን ጉዳይ አገሩ ራሱ ይወስን ማለቱ ተገቢ ነበር። እንግዳውም ብዙ ጊዜ ከኖረበት ቤትና ካስተማራቸው ልጆች በቀር የፖለቲካ ጉዳይ አልነበረውም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ልውውጡ በተማሪው ዓይን አንድ እጅ ብቻ ሆኖ ታየ፤ ሰጪው ሁልጊዜ እዚያ፥ ተቀባዩ ሁልጊዜ እዚህ ሆነ። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ሰው ከጊዜ በኋላ ማመስገን ይከብደዋል።

ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር የራሳችን አገር አድርጎ ነበር። እ. ኤ. አ. ከ1964 ዠምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ታዘዘ፤ ይህም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አብዛኞቹም የተመደቡት በማስተማር ነው። አዲስ አበባ የለመደ ወጣት፥ ቋንቋውን በማያውቀው ወረዳ፥ መብራት በሌለበት ቤት አንድ ዓመት ተቀመጠ። ባሕር አልተሻገረም፤ ነገር ግን አገሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ከሰው አገር መምህር የማይገኝ አንድ ጥቅም በዚህ ተገኘ፤ ይኸውም የሄደው ሰው በሄደበት ከተማና በተመለሰበት ከተማ መካከል የአንድ አገር ድልድይ ሆነ።

የሰላም ጓዶችም እ. ኤ. አ. በ1995 እንደ ገና መጥተው፥ በ1999 በጦርነቱ ምክንያት ሄደው፥ በ2007 ተመልሰው ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ. ም. ግን የኮሮና ተስቦ ዓለምን ሲያስጨንቅ፥ ድርጅቱ በየአገሩ ያሉትን ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ጓዶች በአንድ ጊዜ ጠራ። በኢትዮጵያ የነበሩትም በጥቂት ቀን ውስጥ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ጨብጦ መሳምም፥ ተሰብስቦ ቡና መጠጣትም በዚያን ጊዜ የተከለከለ ነበርና፥ ያለ በረካ የተደረገ ስንብት ሆነ።

እስከዚህ የጻፍነው ከታሪክ ያገኘነውን ነው። አሁን ግን ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልንናገር ይገባናል፤ ባንናገረው በወጣንበት ሁሉ ይከተለናልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ እኛ ገና በታችኛው ክፍል ሳለን፥ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩን። ከሩቅ ክፍለ አገር የመጡ፥ አማርኛን በራሳቸው አገር ቅላጼ የሚናገሩ፥ ኦሮምኛ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሰዓት አያሳልፉም፤ ደብተራችንን ሁሉ ቀይ ቀለም እስኪመስል ድረስ ያርማሉ። እኛም ከኋላቸው ሆነን አነጋገራቸውን እየቀዳን እንሥቅ ነበር። አንድ ሰኞ ማለዳ ወደ ክፍል ስንገባ መምህሩ አልመጡም። ጠረጴዛው ላይ ደብተሮቻችን ታርመው፥ በስም ተራ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዝውውር ደርሶአቸው ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ እንደ ሄዱ ተነገረን። ከመካከላችን ሁለቱ እስከ መናኸሪያው ሮጡ፤ አውቶቡሱ ግን ከሄደ ቈይቶ ነበር።

የጸጸተን መሄዳቸው ብቻ አይደለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸውን ፈለግን፤ ፈልገንም ማግኘት አልቻልንም፤ ከእኛ ውስጥ የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረምና። በኋላ ስንጠይቅ፥ ከዳቦ ቤቱ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ስምንት ወር ብቻቸውን እንደ ኖሩ አከራያቸው ነገሩን። እኚያም እናት፥ «እሑድ እሑድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ደብተር ያርሙ ነበር፤ እኔ አንዳንዴ ቡና እሰጣቸው ነበር፤ ከእናንተ ግን ማንም መጥቶ አያውቅም» አሉን። በእንግዳ ተቀባይነቱ የሚኮራ የከሚሴ ልጅ ሁሉ ይህን ሲሰማ መሬቱን አየ። ስምንት ወር ሒሳብ ተቀበልን፤ አንድ ስኒ ቡና አልሰጠንም። በገበያ ቋንቋ ብንናገረው፥ የሰው ዕቃ ወስደን ዋጋውን ሳንከፍል ቀረን።

ከዚህ የተነሣ ከታሪኩም ከራሳችንም የተማርነው አንድ ነው። ስንብት የሚዘጋጀው በመሄጃው ቀን አይደለም፤ በመምጫው ቀን ነው። እንግዳውን መምህር በመጣ ዕለት ያላወቀው ከተማ፥ በሄደ ዕለት ሊሸኘው አይችልም፤ ሻይና ንግግር ቢያዘጋጅም የሚሸኘው የማያውቀውን ሰው ነው። ተረቱ «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት» ይላል። ለአስተማሪ ግን ተረቱ ሊገለበጥ ይገባዋል፤ ስንቈይ ወርቅ ሊሆንልን ይገባል። የመምህራን ልውውጥም የሚጸናው ሁለቱም ወገን ሲያስተምሩና ሁለቱም ሲማሩ ነው። አለቃ ታዬ በበርሊን ሰጥተውም ተቀብለውም ስለ ነበረ የዚያ ዘመን ፍሬ በሁለት አገር ተገኘ። የሰላም ጓዶቹም መኗኗር የጣፈጠው ተማሪው ክፍሉን ለቆ ሲወጣ አስተማሪ በሆነበት ቦታ ነው፤ የመረረውም አንዱ ወገን ብቻ ሰጪ መስሎ በታየበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ የክፍላችን ተማሪዎች ተማክረን፥ ለታናናሾቻችን አንድ ልማድ ትተን ለመሄድ ወስነናል። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ክፍለ አገር አዲስ አስተማሪ ሲመጣ፥ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ተማሪዎች ከወላጆቻቸው አንዱን ይዘው ቤቱን ይጠይቁ፤ ለቡናም ይጥሩት። ኦሮምኛ የማያውቅ ከሆነ ሰላምታውን ያስተምሩት፤ አማርኛ የማያውቅ ከሆነም እንዲሁ። የመጣበትንም አገር ታሪክ ይጠይቁት፤ አስተማሪ ስለ አገሩ ሲጠየቅ ደስ የማይለው የለምና። በሚሄድበትም ቀን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ይሸኙት። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም፤ ጥቂት ቡናና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ወላጆቻችንም በዚህ እንዲያግዙን አደራ እንላለን፤ የቤቱ ደጃፍ የእነርሱ ነውና።

እኛም በቅርቡ እንበታተናለን። አንዳንዳችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዳችን ወደ ሥራ፥ ምናልባትም አንዳንዳችን ባሕር ማዶ እንሄድ ይሆናል። ከመካከላችንም መምህር ሆኖ በማያውቀው ከተማ፥ ከዳቦ ቤት ኋላ ባለች ክፍል፥ እሑድ ደብተር ሲያርም የሚገኝ አይጠፋም። ያን ጊዜ ደጃፉን የሚያንኳኳ ተማሪ እንዲልክለት እግዚአብሔርን እንለምናለን።

ያ የሒሳብ መምህራችንም ይህ መጽሔት በአንዳች አጋጣሚ እጃቸው ቢገባ፥ ደብተሮቹ እስከ ዛሬ እንዳሉን ይወቁልን። በጊዜው ያላልነውን አሁን እንላለን፤ ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ቡናው ተፈልቶ ይጠብቅዎታል። ለአስተማሪዎቻችን ሁሉ ጤና፥ ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜ እየተመኘን፥ እንደ አገራችን ልማድ «ነጋን ገላ፤ በሰላም ግቡ» ብለን እንሰናበታለን።